ከበድ ያሉ ቃላት

ሸዋገነት ያን ማክሰኞ ጠዋት ከወንድሟ መኝታ ቤት መስኮት ሥር ቁጢጥ ብላ እሱ ከሚሠራበት ፋብሪካ የመጡትን የናሙና አንሶላዎች ስታለቀልቅ ባትሰማ ኖሮ፣ ነገሩ እንደ ወትሮው ያልፍ ነበር። መስኮቱ ተከፍቶ ያደረ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ በግንቦት ወር መስኮት ዘግቶ የሚያድር ሰው የለም፤ ምሥጢር ያለው ድምፁን ይቀንሳል እንጂ። በዛብህ ግን አልቀነሰም።

«ከፋብሪካው አስተዳደር ደብዳቤው ደግሞ መጣ» ሲል ሰማችው ለሚስቱ። «በሙሴ ጋርቢስ ጊዜ ትሠራ የነበረችው እህትህ ትምጣና እናነጋግራት፣ የውጭውን ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው አጥተናል ይላሉ።»

«ምን አልካቸው?» አለች አሰገደች።

«ያው ያለፈውን ነዋ። ከባሏ ሞት ወዲህ አእምሮዋ ልክ አይደለም፣ ሰው ፊት አትቀርብም አልኳቸው። እሷ እዚያ ከተቀመጠች እኔ ምን ልሆን ነው? የኔን ሪፖርት ማን ይጽፈዋል?»

አሰገደች ሳቀች። የክፋት ሳቅ አልነበረም፤ ሽንኩርት በርካሽ ያገኘች ሴት ሳቅ ነው።

ሸዋገነት እጇ የሳሙናው ውሃ ውስጥ እንዳለ ቀረ። «ያው ያለፈውን» ነው ያለው። እንግዲያው አንዴ ብቻ አላለም። የፋብሪካው ዘበኛ ባገኛት ቁጥር እንደ ሕፃን «ደህና ነሽ አይደል? በልተሻል?» እያለ ለምን በቀስታ እንደሚያናግራት አሁን ገባት። የዕድር ሴቶች ስትደርስ ወሬያቸውን ለምን እንደሚያቋርጡ፣ ያስገባቻቸው ሁለት ማመልከቻዎች ለምን የውሃ ሽታ ሆነው እንደቀሩ ገባት። ባሏ ሀብተ ማርያም የባቡር ጣቢያ ጸሐፊ ነበር፤ በወባ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆነው። የባቡር ድርጅቱ ቤቱን ሲረከባት ወንድሟ «እኔ እያለሁ የት ትሄጃለሽ?» ብሎ ሳቢያን ሰፈር ወዳለው ቤቱ አመጣት። ከከሰሉ ጆንያ ጋር የምትጋራትን የጓሮ ክፍል ሰጣት፤ እሷም በየጸሎቷ ስሙን ስታነሳ ኖረች። እንባዋን ጠበቀችው፣ አልመጣም። አንሶላውን ጨምቃ አሰጣችው፣ ጠርዙንም እንደ ወትሮው በመዳፏ ዳብሳ አቃናችው።

ያ መዳፍ የተማረ መዳፍ ነው። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለችው ትንሿ የአንሶላ ፋብሪካ በመንግሥት ከመወረሷ በፊት የአንድ አርመን፣ የሙሴ ጋርቢስ ነበረች፤ ሸዋገነትም ስምንት ዓመት የሱ የታይፕ ጸሐፊ ሆና ሠርታለች። ሽማግሌው አንድ ብጣሽ ጨርቅ መዳፏ ላይ ያኖርና ዓይኗን አስጨፍኖ «ምን ይላል?» ይላታል። ለስላሳ ነው ስትለው አይበቃውም። እንደ ሐር የሚያንሸራትት ልስላሴ ነው? እንደ ጥጥ የሚሰምጥ? ወይስ ሲያጥፉት የሚታዘዝ፣ ሲለቁት የሚመለስ? ለእያንዳንዱ እንግሊዝኛው የየራሱ ቃል አለው፤ ለሸካራው፣ ለጥቅጥቁ፣ ለልሉ፣ ለተወላገደውና ለተመጣጠነው ሁሉ። ወደብ ያለ ገዢ ጨርቁን ሳያየው በቃሉ ብቻ እንዲዳስሰው ማድረግ አለብሽ ይላት ነበር። ቃላቱን ስትጽፍ ስትጽፍ የእጇ ቆዳ ሆነው ቀሩ። ፋብሪካው ሲወረስ የውጭ ሽያጩ ቆመ፤ የሷም ወንበር ታጠፈ። በዛብህ ግን ከዓመታት በኋላ ሽያጩ እንደገና ሲጀመር እንግሊዝኛ አቀላጥፎ ይናገራል፣ ይጽፋል በሚል ወረቀት የጥራት ቁጥጥር ኃላፊ ሆኖ ገባ። ሪፖርቱን የምትጽፈው እሷ ነች። እሱ በራሱ እጅ ይገለብጥና የሷን ወረቀት ቀዶ እሳት ውስጥ ይጨምረዋል።

ቁርሱን እንደበላ በርጩማ ይዞ ወደ ጓሮ መጣ። ሲፈልጋት ድምፁ ይለዝባል።

«ሸዊት፣ ዛሬ ጉድ ሊፈላብኝ ነው። ከጅቡቲ እንግሊዙ ገዢ መጥቷል። ለመርከብና ለሆቴል አንሶላ ይፈልጋል። ሥራ አስኪያጁ ጓድ ሹክሪ ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንተ አስረዳው ብሎኛል፤ በአፌ!»

«ታዲያ ምን ልርዳህ ጋሼ?»

«አንድ ገጽ ጻፊልኝ። ሸምድጄ እለዋለሁ፤ ዳዊት በቃሌ የደገምኩ ሰው ይቺ ታቅተኛለች? ብቻ ከበድ ከበድ ያሉ ቃላት ይሁኑ። ጉድ እና ስትሮንግ የሚሉትንማ ጓድ ሹክሪም ያውቃል። ስለ ቅርጹ፣ ስለ ልስላሴው፣ ስለ አሠራሩ፣ አፉን የሚያስከፍት ነገር ይሁን።»

«እሺ ጋሼ» አለችው። «ቀፊራ ገበያ ደርሼ ልምጣና እጽፍልሃለሁ።»

አሰገደች ማታ እንግሊዙን ቤቷ ራት ልትጋብዝ አስባ ኖሮ፣ ለቀፊራው አሥራ ሁለት ብር ቆጥራ ሰጥታት ነበር፤ ለሥጋ፣ ለቲማቲም፣ ለሩዝ፣ ለሎሚ። ሸዋገነት የደቻቱን ደረቅ አሸዋ ተሻግራ ገበያው ስትደርስ ፀሐይዋ ገና በሦስት ሰዓት አናት ትበሳለች። ቲማቲሙ ኪሎው ሰባ አምስት ሳንቲም ገብቷል። ሩዝ ሻጯ ኮንትሮባንዱ ስለተያዘ ነው ትላለች፤ ሥጋ ሻጩ ደግሞ ምንም ሳይያዝ ጨምሯል። በየግድግዳው አሻጥረኛን እናጋልጥ የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ሥሩ ፍየሎች የሙዝ ልጣጭ ይቃርማሉ። ሎሚ ስትመርጥ አንድ እጅ ትከሻዋን ያዛት። ዓናብ ነበረች፤ በጉርብትና የምትኖር፣ ሥራ የምትገባው ከሰዓት በኋላ የሆነ፣ በዚያው ፋብሪካ በሽመና ማሽን ላይ አሥራ አንድ ዓመት የቆመች ሶማሌ ሴት።

«ናያ ሸዋ፣ ደህና ነሽ?» አለቻት፤ ናያ በሶማሊኛ አንቺ እንደ ማለት ነው።

«ዓናብ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እውነቱን ንገሪኝ። ፋብሪካው ውስጥ ስለኔ ምን ይባላል?»

ዓናብ የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች። «አቦ ተይው» አለች። «አብዳለች ይላሉ። ማታ ማታ ትጮሃለች፣ እንቆልፍባታለን ብሎ ወንድምሽ ነው የተናገረው። እኔ አላመንኩም፣ ወላሂ። ግድግዳችን እኮ አንድ ነው፤ ሳል እንኳ ከናንተ ቤት አልሰማም።»

እንቆልፍባታለን። ሸዋገነት ሎሚዎቹን አንድ በአንድ ዘንቢሏ ውስጥ ከተተች፤ ከፍላ መልሷን ተቀበለች፤ ዓናብንም አመሰገነቻት። ስትመለስ ደቻቱ ላይ አሸዋው በጫማዋ እየገባ እግሯን ሲያቃጥላት አልታወቃትም። ቃላት እየመረጠች ነበር።

ጓዳው ውስጥ ተቀምጣ ስትጽፍ የእጅ ጽሕፈቷ እንደዚያን ቀን አምሮ አያውቅም። ጥሩዎቹ ቃላት አንድ በአንድ ወደ ብዕሯ ጫፍ መጥተው ነበር፤ ጥቅጥቅ ብሎ ለተሸመነው፣ ድሩና ማጉ ለተካከለው፣ ሁለት ወገኑ ለተመጣጠነው። እነሱን መለሰቻቸውና በሙሴ ጋርቢስ ዘመን ተበላሽቶ ለተመለሰ ዕቃ ብቻ የምትጽፋቸውን አወጣች። አንድ ጊዜ ብዕሯ ቆመ። ቀፊራ ግድግዳ ላይ ያየችው ወረቀት ትዝ አላት። በዚያ ዘመን አሻጥር ከተባለ ሰውየው ማክሰኞ ይወሰድና ሐሙስ የት እንዳለ የሚያውቅ አይገኝም። ይህን አሰበችው፤ በደንብ አድርጋ አሰበችው። ከዚያ ቀጠለች።

ከምሳ በፊት በዛብህ ወረቀቱን ይዞ ጓሮውን እየዞረ ያጠና ጀመር። ምላሱ ፈጣን ነው፤ አንዴ የሰማውን አይስትም። አሰገደች በር ላይ ቆማ በባሏ አንደበት ስትኮራ ታያታለች።

«ይቺ ትሬድቤር ምንድን ናት?» አለ።

«ትሬድ ክር ነው፤ ቤር የተገለጠ። ክሩ ፍንትው ብሎ የሚታይ፣ ሥራው የማይደበቅ ማለት ነው።»

ውሸት አልተናገረችም፤ ቃሉን ፈትታው መልሳ አልገጠመችውም እንጂ። ያ ቃል የሚነገረው ክርኑ ላይ ነትቦ ላለቀ አሮጌ ኮት ነው።

«ፍሊምዚ የሚለውስ?»

«ቀለል ያለ፣ ንፋስ የሚያስገባ። ለጅቡቲ ሙቀት የሚስማማ።» ፍቺው ግን ቢያስነጥሱበት የሚቀደድ ነው።

«ሎፕሳይድድ ደግሞ ቅርጹን ነው አይደል? ብሪትል የሚለውስ?»

«ንክኪውን ነው» አለችው። የመጀመሪያው አንድ ወገኑ የተንሻፈፈ፣ ሁለተኛው እንደ ደረቀ ቂጣ የሚሰባበር ማለት ነው። ጠርዙን በሚመለከት ደግሞ ፍሬይድ እንዲል አስጠናችው፤ የተተረተረ። በዛብህ አምስቱንም ደጋግሞ ካላቸው በኋላ ገጹን በራሱ እጅ ገለበጠ። የሷን ቀደደና እንደ ልማዱ የከሰል ምድጃው ውስጥ ጣለው። ወረቀቱ ሲቀጣጠል እያየች «ተባረክ» አለችው በልቧ፤ ምስክሩን በገዛ እጁ አቃጠለላት።

ከቀኑ ስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድሬዳዋ ይተኛል። ሱቁ ይዘጋል፣ ጋሪ ነጂው ጥላ ሥር ይጋደማል፣ ቃሚው ምርቃናውን ይጠብቃል። በዛብህ ካፖርት የሚያህል ኮቱን ለብሶ በዚያ ፀሐይ ሄደ። አሰገደች አሸለባት። ሸዋገነት ግን ሩዝ እየለቀመች ተቀመጠች፤ ድንጋዩን ከፍሬው እየለየች፣ ደግሞም ሳትፈልግ ጆሮዋን ወደ መንገዱ አድርጋ። አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል የጋሪ ኮቴ ተሰማና በሩ ተበረገደ።

«ናያ ሸዋ! ነጠላሽን ያዢና ነይ!» ዓናብ ላብ በላብ ሆናለች። «ነጩ ሰውዬ ሊሄድ ነው፤ አቦ ፈጠን በይ!»

ጋሪው ላይ ሆነው ነገረቻት። አንሶላውን ዘርግታ እንድታሳይ የተጠራችው ዓናብ ራሷ ነች። በዛብህ ደረቱን ነፍቶ እየሳቀ መናገር ጀመረ። እንግሊዙ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ደግሞ ጠየቀው፤ በዛብህ ደገመለት፣ ጣቱን ስሞ አየር ላይ እስከመበተን ደረሰ። የሰውየው ፊት ቀላ። ቦርሳውን ዘጋ። ጓድ ሹክሪ የሚያውቃትን ትንሽ እንግሊዝኛ ቢሞክር ገዢው እንዳሾፉበት ነው የሚናገረው። «ያኔ ነው እኔ እህቱ ታውቃለች ያልኩት። ያበደችዋ? አለኝ ሹክሪ። አላበደችም፣ ጎረቤቴ ናት አልኩት። ወላሂ፣ ይህ ሰው ካልገዛ ሽመና ክፍላችንን ይዘጉታል፤ ምን ልበላ ነው?»

ሸዋገነት ይህን አላሰበችውም ነበር። ቀኑን ሙሉ ዓይኗ ውስጥ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አሥራ አምስት ሸማኔ ሴቶች ከኋላው መቆማቸውን አላየችም። የጋሪውን እንጨት ጨብጣ ያዘች።

የሥራ አስኪያጁ ክፍል ውስጥ ሦስት ወንዶች ቆመዋል። ጓድ ሹክሪ ከሐረር የመጣ፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ ጨጓራውን የሚይዝ ሰው ነው። ሲያያት ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እህቴ፣ አይዞሽ፣ አትፍሪ። ይህን ማንበብ ትችያለሽ?» ብሎ በበዛብህ እጅ የተጻፈውን ወረቀት ሰጣት። ወንድሟ ከመስኮቱ አጠገብ ነው፤ ሲያያት መጀመሪያ እንደዳነ ሰው ተነፈሰ።

ወረቀቱን ተቀበለች። አልቸኮለችም።

«ይህ አንሶላ የነተበ ነው» ብላ አነበበች በአማርኛ። «ቢነኩት የሚሳሳ፣ ለመቀደድ የደረሰ። ቅርጹ የተንሻፈፈ። ሲጨብጡት የሚሰባበር። ጠርዙም የተተረተረ። ከዚህ የተሻለ አንሠራም፤ ይላል።»

ጓድ ሹክሪ ወደ በዛብህ ዞረ።

«እሷ ናት!» አለ በዛብህ። «እሷ ናት የጻፈችልኝ፣ እሷ ናት ያስጠናችኝ!»

«ማን? ማታ ማታ የምትቆልፍባት እህትህ?»

በዛብህ አፉን ከፈተ። የሚናገረው እውነት ሁሉ ከዚህ በፊት የተናገረው ውሸት ላይ እየተደናቀፈ ከጉሮሮው አልወጣ አለ። ሸዋገነት ፊቱን አየችው፤ ቀስ ብሎ አመድ ሲመስል አየችው፤ እስከ ጥፍሯ ድረስ ጣፈጣት። ከዚያ ጀርባዋን ሰጠችውና ወደ እንግሊዙ ዞራ ይቅርታ ጠየቀችው። አንሶላውን ከዓናብ እጅ ተቀብላ መዳፏ ላይ አኖረችው፣ ዓይኗን ጨፈነች። ከዓመታት በኋላ ለገዢ የተናገረችው የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ቃል ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ ሁለተኛው ቀና። ስለ ድሩና ማጉ፣ ስለ ጥግግቱ፣ ሲያጥፉት እንዴት እንደሚታዘዝና ሃያ ጊዜ ከታጠበ በኋላ ለምን እንደማይጓጉል ነገረችው። ጠርዙ ላይ አንድ የላላ መስመር አገኘችና እሱንም አልደበቀችውም። ገዢው ቦርሳውን ከፈተ። በዚያው ጠረጴዛ ላይ ለአራት መቶ አንሶላ ፈረመና እጇን ጨብጦ ወደ ሆቴሉ ሄደ።

ጓድ ሹክሪ በሩን ዘጋ። ድምፁ አሁን ሌላ ነው። «ይቀመጡ» አላት፤ አንቺ ማለቱ ቀርቷል። ነጭ ወረቀትና ብዕር አቀረበላት። «ይህ ስህተት አይደለም፣ አሻጥር ነው። የአብዮቱን ምርት በውጭ ሰው ፊት ማዋረድ ነው። ያነበቡልኝን ይጻፉና ይፈርሙ። የቀረው የሌሎች ሥራ ነው።»

በዛብህ ከመስኮቱ ወደሷ አንድ እርምጃ መጣ። «ሸዊት» አለ። እናታቸው ስትጠራት እንደነበረው ነው ያለው።

ብዕሩን አነሳች። ቀለሙ መኖሩን እጇ ላይ ሞከረችው። ያን ያህል ማቆየት አያስፈልጋትም ነበር፤ ግን አቆየችው፤ የወንድሟ ትንፋሽ ሲቆራረጥ እየሰማች አቆየችው። ከዚያ ብዕሩን መልሳ አኖረች።

«ጓድ ሹክሪ፣ አሻጥር ከተባለ ማን ሾመው ይባላል» አለች በዝግታ። «ሦስት ዓመት ማን ፈረመለት ይባላል። ይህ ሰው አሻጥረኛ አይደለም፤ እንግሊዝኛ አያውቅም። የፈረሙበትን ሪፖርት ሁሉ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከፈለጉ አሁኑኑ ማንኛውንም ያውጡና በቃሌ ልበልልዎት።»

ሥራ አስኪያጁ ጨጓራውን ያዘ። የበዛብህን ወረቀት አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። «እና ምን ይሁን ይላሉ?»

«በአፉ ይናገር። እኔን አብዳለች ብሎ ባወራበት ቦታ፣ ባወራላቸው ሰዎች ፊት።»

ማሽኖቹ ቆሙ። ማሽኖቹ ሲቆሙ ሸማኔዎቹ ሴቶች ሰው የሞተ መስሏቸው ተሰበሰቡ። በዛብህ በመካከላቸው ቆሞ፣ ኮቱ ከጀርባው በላብ ረጥቦ፣ እንግሊዝኛ እንደማያውቅና እህቱ እንዳላበደች ተናገረ። ድምፁ አልወጣም። «አልሰማንም» አለች ሸዋገነት። ደገመው። ከኋላ በኩል አንዲት ሴት ሳቀች፤ ሌሎቹ ግን ሸዋገነትን አዩ፤ ከዚያ አንዳንዶቹ አንገታቸውን ደፉ። እሱ ከነገ ጀምሮ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት እንዲወርድ፣ እሷም ሰኞ ሥራ እንድትጀምር ተወሰነ።

ወደ ቤት አብረው በእግራቸው ተመለሱ፤ እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ። አሰገደች የሆነውን ገና አልሰማችም። ሳሎኑን ጠርጋ፣ በሠርጓ የተገዛላትን ሳህን አውጥታ፣ በሩዙ ላይ ሎሚ ሰነጣጥቃ ትጠብቃለች። አዲስ ቀሚሷን ለብሳለች። «እንግዳውስ?» አለች። የባሏን ፊት አየች፣ የሸዋገነትን አየች፤ ሳህኖቹን መደርደሩን ቀጠለች፤ ከዚያ እጇ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። ሦስቱም ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጡ። ሸዋገነት ለራሷ ሩዝ ቀዳች፣ ሥጋውን መርጣ አወጣች፣ መብላት ጀመረች። ሦስት ዓመት ሙሉ በዚያ ቤት ከሌሎቹ በፊት እጇን ሰዳ አታውቅም።

«በምን ልብሽ አደረግሽው?» አለ በዛብህ። ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ ነው። «ያቺን ወረቀት ሲያቀርብልሽ አየሁሽ እኮ። ብትፈርሚስ ኖሮ? ቢወስዱኝስ ኖሮ?»

ሸዋገነት የጎረሰችውን አላምጣ ዋጠች።

«ስንቅ አመላልስልህ ነበር» አለችው።